የጋሽ ዳርጌ አሸዋ

ባለፈው ወር ከጂንካ ወደ ቱርሚ ስወርድ፣ ድልድዩ ላይ ስንደርስ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አልኩት ሾፌሩን። «ማዘር፣ ድልድይ ላይ አይቆምም» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ፤ እውነቱን ነው። ተሻግሮ ቆመልኝና ወርጄ ወደ ወንዙ ዳር ተመለስኩ። ጂንካ የሄድኩት ለጤና ባለሙያዎች ስለ ጭንቀትና ስለ ሕክምናው እንዳስተምር ተጠርቼ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም አልፎ አልፎ ይጠሩኛል፤ እኔም እቤት ቁጭ ማለት ስለማልችል ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እሺ እላለሁ። ሥልጠናው አንድ ቀን ቀድሞ አለቀና፣ ያችን ቀን እንደ ሰው አርፌ እንደመተኛት መኪና ለምኜ ወደ ቆላው ወረድኩ። ወንዙ ደረቅ ነው። ግን ከላይ ዝናብ ጥሎ ውሃ ወርዶበት ኖሮ አሸዋው ገና አልጠፈፈም፤ የእርጥብ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ትንሽም የፍየል፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ሾፌሩ ያመመኝ መስሎት ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ምን ብዬ ልንገረው? «ሥራዬን የተማርኩት እዚህ አሸዋ ላይ ነው» አልኩት። እሺ ብሎ ፎቶ አነሳኝና «ለልጆችዎ ይላኩላቸው» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ጂንካ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቄ፣ ዕጣ ሲወጣ ጋሞ ጎፋ፣ ጂንካ የሚል ደረሰኝ። እናቴ የሞትኩ ያህል አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ቤልቦቶም ሱሪዬን ታጥቄ፣ አፍሮዬን አበጥሬ፣ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሻንጣዬ ውስጥ ወሽቄ በአውሮፕላን ሄድኩ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ሣር ላይ ነበር። መጀመሪያ ሳይረን ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ላም ያሰማራው ላሙን፣ ኳስ የሚጫወተው ኳሱን፣ ልብስ ያሰጣችው ልብሷን ይዘው ይሮጣሉ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ያንን ሳይረን መቼም አልለመድኩትም፤ በጮኸ ቁጥር ክፍል ውስጥም ብሆን ብድግ እል ነበር፣ ተማሪዎቹም ሆን ብለው አይተውኝ ይስቁ ነበር። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው አጥር አለው፣ ተርሚናል አለው፣ ፍተሻ አለው። ባለፈው ስወርድ ላም ለማየት ግራ ቀኝ ብመለከት አንዲትም የለችም።

የቅዳሜ ገበያውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የአሪ እናቶች ከየተራራው ጎደሬና እንሰት ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በአንድ ስሙኒ የሚገዛው የሙዝ ዘለላ አቅፋችሁት ስትሄዱ ፊታችሁን ይሸፍነዋል። ማር በቅል ነው፤ ንብ ሳይቀር ይገባበታል። ስኳር ግን በቀበሌ ሱቅ ብቻ ነበር፤ ለእሱ ተሰልፈን ያወራነው ወሬ ተሰብስቦ ቢጻፍ የዘመኑ ታሪክ ይወጣው ነበር። ወሬውም ቢሆን ግማሹ በጆሮ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ ስብሰባ ላይ ብቻ ነበር ጮክ የሚባለው። ክረምት ሲገባ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ ሴቱም ወንዱም ኮንጎ ጫማ አድርጎ ይንሸራተታል፣ የኔ ቤልቦቶም ደግሞ የከተማውን መንገድ ጠርጎ ማታ ይገባል። ሁለተኛው ክረምት ሳይደርስ አስቆረጥኩት።

ትምህርት ቤቱ ለኔ ያዘጋጀው ሥራ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበና «የሥነ ልቦና ባለሙያ ማለት እንግሊዝኛ ያስተምራል?» አለኝ። «ያስተምራል» አልኩት፤ ምን ላድርግ? ከሰዓት በኋላ ግን የጠመኔ ማስቀመጫዋን ክፍል ሰጠኝና እዚያ የተጨነቀ ሰው እጠብቅ ጀመር። ከተማው «ጭንቅላት የምታክም መጥታለች» ብሎ ዶክተር አለኝ። አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛው የዶክተርነት ማዕረግ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ማዘር ይለኛል። የልቤ ሥራ ግን ጥናቱ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስለ ፍርሃትና ጭንቀት ላጠና ከመምህሬ ጋር ተስማምቼ፣ ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩትን መጠይቅ ይዤ በየገጠሩ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ያለ በቂ ምክንያት ይጨነቃሉ?» የሚል ነበር። አንድ የበና ሽማግሌ አስተርጓሚው ሲነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሳቁና «ያለ ምክንያት? ይህች ሴት ከብት የላትም እንዴ?» አሉ። እኔ ምንም ከብት እንደሌለኝ ሲነገራቸው አዘኑልኝ።

ቱርሚ ሄጄ መጠይቁን ልሞክር ብዬ ነው የጋሽ ዳርጌ መኪና ላይ የወጣሁት። ጋሽ ዳርጌ የአሪ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ኮቱን ሙቀትም ቢሆን የማያወልቅ። ከጂንካው የእህል መጋዘን በኤንትሬ የጭነት መኪናው ሙሉ እህል ጭኖ በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጎ ቱርሚ፣ ከዚያም ኦሞራቴ ይወርዳል። ገቢናው ውስጥ አንድ ቴፕ አለ፤ ቴፑም አንድ ካሴት ብቻ ነው የሚያውቀው። ክሩ ስላረጀ ዘፋኙ ዳገት ላይ ድምፁ ይጎተታል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ እኔም አብሬው ልቤ ይወጣል ይወርዳል። «ሌላ ካሴት የለዎትም?» ብለው «ይሄ ምን ጎደለው?» አለኝ። በዚያ መንገድ መኪናዎች ብቻቸውን አይሄዱም ነበር፤ ሦስትም አራትም ሆነው ተከታትለው ነው የሚጓዙት። ቱርሚ ሊደረስ ሲል፣ ያኔ ድልድይ ያልተሠራለት አንድ ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ። ሐመሮቹ ስም አላቸው ለእሱ፤ ሾፌሮቹ ግን «አሸዋው» ብቻ ነበር የሚሉት። እዚያ ስንደርስ ጋሽ ዳርጌ ፍሬን ያዘ፤ «ባሌስትራ ሳይሰበር አልቀረም» ብሎ ወረደና ማዳበሪያ አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባ።

ጠበቅን። ፀሐዩ ገቢናውን ምድጃ አደረገው። እኔ እንኳን ያኔ፣ ዛሬም አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ ወርጄ በመኪናው ዙሪያ ስዞር ጎንበስ ብዬ ወደ ሥር አየሁ። እጁ ላይ መፍቻ የለም። ባሌስትራውንም አያየውም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ በጀርባው ተንጋሏል፤ ካኪ ኮቱ በላብ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ ሮጦ እንደመጣ ሰው ነው። ከኋላ የነበረው የሌላ መኪና ሾፌር፣ መኩሪያ የሚባል ቀልደኛ፣ ምንም ሳይጠይቅ መጣና የጋሽ ዳርጌን ኤንትሬ መሪ ያዘ። ጋሽ ዳርጌም ከሥሩ ወጥቶ፣ ማንንም ሳያይ ጭነቱ ላይ ወጣና ጋቢ ፊቱ ላይ ጥሎ ተሻገረ። ማዶ ላይ ወርዶ መሪውን ተቀበለ። ሁሉም ሰው የለመደው ነገር ነበር የሚመስለው።

ቱርሚ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሽ ዳርጌ፣ መኪናው አልተበላሸም አይደል?» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። «ልቤ ነው የሚበላሸው» አለ። ከዚያ አወጣው። ባለፈው ዓመት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ አሸዋው መሃል ሲደርስ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ግድግዳ ሆኖ ወረደበት። መኪናውን አዞረው፣ ጎተተው፤ እሱ ገቢናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ውሃው እስኪጎድል ቀኑን ሙሉ ቆመ። ሰው አልሞተም፣ መኪናውም ተጠግኖ ሠራ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አሸዋው ጋ ሲደርስ እጁ ይደነዝዛል፣ ልቡ ጉሮሮው ላይ ይመጣል፣ አሁን ሞትኩ ይላል። «ሾፌሮቹ ወንድሞቼ ናቸው፤ ተራ ገብተው ያሻግሩልኛል» አለኝ። «አሁን ግን የመጋዘኑ አለቃ ሰማ። ወይ ራሱ ይነዳል፣ ወይ መኪናውን ለሌላ አስረክቦ የመጋዘን ዘበኛ ይሆናል ብሏል። ዶክተር፣ እኔ ዘበኛ ብሆን የዘበኛ ደመወዝ ልጆቼን አያስተምርም። ከዚያ ደግሞ...» አለና አቆመ። ከዚያ ደግሞ ያለውን አልጨረሰውም፤ ግን መሪ ይዞ ያየው ሰው ይገባዋል። ጋሽ ዳርጌ መኪና ላይ ካልሆነ ሌላ ሰው ነው። እሱን ለማዳን ያኔውኑ ቆረጥኩ።

ከመጽሐፌ ያነበብኩት ሕክምና ሲታይ ቀላል ነው። ሰው የፈራውን ነገር በሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ ይፋፋል። ስለዚህ ቀስ በቀስ፣ ከቀላሉ ጀምሮ፣ ወደ ፈራው ነገር ታስጠጋዋለህ፤ ልቡ ቢመታም እንዳይሸሽ ታደርጋለህ፤ ቆይቶ ልቡ በራሱ ይረጋጋል። አለቃው ጊዜ ሰጠን፤ የበልጉ ዝናብ እስኪጀምር። እኔም ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ ገቢናው ውስጥ ገብቼ አብሬው መውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን ወንዙ ዳር ዝም ብለን ተቀመጥን። ቀጥሎ ጫማችንን አውልቀን አሸዋው ላይ ተራመድን። ከዚያ መሃሉ ላይ ተቀምጠን ሙዝ በላን። ሐመሮቹ ፍየላቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆመው ያዩን ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በእኩለ ቀን ፀሐይ ባዶ ወንዝ ውስጥ ተቀምጠው ሙዝ ሲልጡ ምን ብለው ይሆን? በእርግጥ ዝም ብሎ ድፍረት አልነበረም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ተራሮቹ እናያለን፤ ደመና ካለ አንገባም፤ ከላይ የመጡ እረኞችንም እንጠይቃለን። የሚያድን ፍርሃት አለ፣ የሚያስር ፍርሃት አለ፤ የመጀመሪያውን እንዳልነካበት እጠነቀቅ ነበር።

መጽሐፉ ፍርሃቱን ከዜሮ እስከ መቶ በቁጥር እንዲለካ ጠይቂው ይላል። ጠየቅኩት። «ምን ዓይነት መቶ?» አለኝ። አስረዳሁት፣ ደግሜ አስረዳሁት። በመጨረሻ «ኧረ ተይኝ ዶክተር፣ በኩንታል ልንገርሽ» አለ፤ ሲጨንቀው አንቺ ይለኛል፣ ሲረጋጋ እርስዎ ይለኛል፤ እሱም ራሱ አንድ መለኪያ ነበር። «ዛሬ ሙሉ ጭነት ነው፣ በዚያ ላይ ተሳቢ አለው» ሲለኝ ሁሉም ነገር ይገባኝ ጀመር። በሌላ ቀን «ተሳቢው ተፈቷል» ይለኛል። ሌላ ቀን ግማሽ ጭነት። ከዚያ ወዲህ ባሉት የሥራ ዘመኖቼ ሁሉ፣ ሃና ከተማ ድረስ ወርጄ ስጠይቅም ሆነ በትልልቅ ሆስፒታሎች ስሠራ፣ ለታማሚ የኔን መለኪያ ሰጥቼ አላውቅም፤ ሴቲቱ በጣሳ ከለካች በጣሳ፣ ገበሬው በቀንበር ከለካ በቀንበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ያዩት ፈታኞች ኩንታል የሚለውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ቀን የፊት ጎማዎቹን አሸዋው ላይ አሳረፈ። አንድ ቀን መሃል ደርሶ በኋላ ማርሽ ተመለሰ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ካሴቱ እየተጎተተ፣ ላቡ ካገጩ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ከማዶው ዛፍ ሳይነቅል፣ ተሻገረ! ማዶ ስንወጣ ጡሩንባውን ነፋው ነፋውና አላቆም አለ። መኩሪያ ከኋላ መኪናው ላይ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ፤ ወጣት ነበርኩ፣ እንባዬም ቅርብ ነበር። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ተሻገረ። «ባዶ ነው ዶክተር፣ ምንም ጭነት የለም» ይለኛል። ጂንካ ግን ሌላ ወሬ ይዛለች። ያቺ ያላገባች አስተማሪ ከባለትዳር ሾፌር ጋር ገቢና ገብታ ሳምንት በሳምንት ቆላ ትወርዳለች፤ ወንዝ ውስጥ ቁጭ ብለው ሙዝ ሲበሉ ታይተዋል። የስኳር ሰልፍ ላይ ስደርስ ወሬ ይቋረጥ ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ማን ምን ቢል ምን ገዶኝ? ሰው አድኛለሁ ብዬ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ወባ ያዘኝ። አልጋዬ ላይ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለሁ ጋሽ ዳርጌ ያለእኔ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የባለቤቱ የእትዬ ታደለች ድምፅ ከበሩ ተሰማ። እትዬ ታደለች በገበያ ቅቤ ትሸጣለች፤ እሁድ እሁድ ቸርች ስትዘምር ድምጿ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ሾርባ በጣሳ ይዛ ገባች፤ ትራሴን አስተካከለች፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ተመልሷል» አለችኝ።

«ከኦሞራቴ?»

«የምን ኦሞራቴ! ከአሸዋው። አሸዋው ጋ ደርሶ መኪና ሥር ተኛ። መኩሪያም ላሻግርልህ ሲለው እምቢ አለ፤ ዶክተር ከሌለች አልሻገርም አለ። ጭነቱን ይዞ ተመለሰ። አለቃውም አየ።» ሾርባውን ወደ አፌ አስጠጋች። «ጠጪ። ሰው ስለ አንቺ ብዙ አለ፤ እኔ አልሰማሁም። ባሌን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ ልጅ። እስኪያረጅ ድረስ አጠገቡ ልትቀመጪለት ነው? አንቺስ ባል አታገቢም? አገርሽ አትገቢም?»

ትኩሳቱ ይሁን ንዴቱ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። የመጽሐፌ ምዕራፍ ሁሉ ተገልብጦ ታየኝ። ጋሽ ዳርጌ አሸዋውን ሳይሆን እኔን ነው የለመደው። እኔ ካለሁ ወንዙ አይወርድም፤ እኔ ከሌለሁ ይወርዳል። እውነቱን ልናገርና፣ ዶክተር ከሌለች አልሻገርም ማለቱ ከሐዘኑ ጋር ትንሽ ደስ አሰኝቶኝም ነበር። በዚያ ከተማ ብቸኛ ነበርኩ፤ ያለእኔ የማይሆንለት አንድ ሰው መኖሩ ይሞቀኝ ነበር። እትዬ ታደለች ከሄደች በኋላ ግን ኪኒኔን ውጬ፣ ኮርኒሱን እያየሁ፣ ያን ሙቀት ከራሴ ላይ ለማውለቅ ወሰንኩ። አለቃው የመጨረሻ አንድ ጭነት ፈቅዶለታል፤ ያ ካልተሳካ ቁልፉን ያስረክባል።

ወባው ገና ሳይለቀኝ ገቢናው ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ዳርጌ ስላየኝ ፊቱ በራ፤ እኔ ደግሞ ፊቱን ማየት አቃተኝና መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ወረድኩ። ዲመካ ላይ ለሾፌሮቹ ነግሬያቸው ነበር፤ «ዛሬ ቀድማችሁ እለፉ፣ ማዶ እንዳትጠብቁት» ብዬ። አሸዋው ጋ ስንደርስ መኪኖቹ ተሻግረው አቧራቸው ብቻ ቀርቷል። ተራሮቹን አየን፤ ጥርት ያለ ቀን ነው። ሁለት እረኞች ከላይ መጥተው ደረቅ ነው አሉ። ያኔ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«ምን ረሱ?» አለኝ።

«ምንም። እኔ እዚህ እቆያለሁ። እርስዎ ይሻገሩ፤ ማዶ አዙረው ይመለሱና ይወስዱኛል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ዶክተር፣ ተይ። ዛሬ ቀልድ አይደለም። ዛሬ ካልሆነ ዘበኛ ነኝ።»

«ለዛሬ ብቻ ቢሆንማ አብሬዎት እገባ ነበር» አልኩት። «ነገስ? ከነገ ወዲያስ?»

መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ካሴቱ እየተጎተተ ነው። አሁን ወርዶ መኪናው ሥር ይገባል ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ «ይሁን፣ ልምጣ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ወንዙ ዳር ወዳለው ግራር ጥላ ሄድኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ከዚያ ማርሽ ሲገባ ሰማሁ። ዞር ስል ኤንትሬው አሸዋው ላይ ነው። መሃል ላይ አንዴ ጎማው ተንሸራተተ፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አልቆመም። ማዶውን ይዞ ወጣ። ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ ነጠላዬን አውለበለብኩ። እስኪያዞር ጠበቅኩ። አላዞረም። ዳገቱን ያዘ፤ ኩርባው ላይ ጡሩንባውን አንዴ ነፋና ጠፋ። አቧራው ብቻ ማዶው ዛፍ ላይ ቀረ።

ሰፊ ቦታ ፈልጎ ሊያዞር ነው አልኩ። ጠበቅኩ። ተገልብጦ ይሆን አልኩ። ልቡ ቆሞ መሪው ላይ ወድቆ ይሆን አልኩ። ብሮጥ አሸዋውን ተሻግሬ ልደርስበት እችላለሁ? ወባው ጉልበቴን በልቶታል። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ስለ ጭንቀት ስንት ገጽ ያነበብኩ ሴት እጄ ደንዝዞ ዛፍ እየዞርኩ ነበር። አንዲት የሐመር ሴት ፀጉሯን በቀይ አፈር የተቀባች፣ ቅል በትከሻዋ ያንጠለጠለች፣ መጥታ ጥላው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። አማርኛ አታውቅም፤ እኔም ሐመርኛ አላውቅም። መኪናው የሄደበትን ጠቆመችና ጣቶቿን አቆላልፋ ባልሽ ነው? የሚል ምልክት ሰጠችኝ። አይደለም አልኩ። አላመነችኝም፤ በሐዘን ራሷን እየነቀነቀች ከቅሏ ሸፈሮ ቀዳችልኝ፤ ሸፈሮ የሚባለው የተፈላ የቡና ገለባ ነው። ጥሎሽ የሄደ ወንድ ነው ብላ እንደሆነ ገባኝ። ሸፈሮውን ጠጣሁና ሳላስበው በሳቅ ፈነዳሁ፤ እሷም አብራኝ ሳቀች።

ከቱርሚ ወደ ጂንካ የሚመለስ መኪና ፀሐይ ሲዞር ደረሰልኝ። ሾፌሩን ጋሽ ዳርጌን አይተኸው ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። «ዳርጌን? ከቱርሚ ወዲያ ተላለፍን። መስኮቱን ከፍቶ እየዘፈነ ነበር፤ እሱ ይዘፍናል እንዴ?» አለኝ። ስለኔ የተናገረው ነገር እንዳለ ተጠንቅቄ ጠየቅኩት። «ስለ እርስዎ? ምንም አላለም» አለ። ተናድጄ ነበር፤ አንገቱን ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር። በበረሃ ጥሎኝ! ሽታዬ እንኳን ገና ገቢናው ውስጥ ሳለ! ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ግን ዓይኔ ፈጦ ቀረ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያገላብጠኝ፤ ጋሽ ዳርጌ መጥቶ እስክጠይቀው ድረስ እንቅልፍም ምግብም ጠፋብኝ።

መጣ። ካኪ ኮቱን ጭምር አውልቆ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እትዬ ታደለች ከኋላው እየገፋችው ግቢዬ ውስጥ ገባ። ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

«ረሳሁዎት ዶክተር! እግዜር ይየኝ፣ ረሳሁዎት! ኦሞራቴ ደርሼ፣ እህሉን አራግፌ፣ ዓሣ ልበላ እጄን ስታጠብ የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ቦርሳዬን አየሁ፣ አለ። የጭነት ወረቀቴን አየሁ፣ አለ። ከዚያ 'ወይኔ ዶክተሯን!' ብዬ ሳህኑን ጥዬ ተነሳሁ። በመንገድ ሁሉ ጅብ በልቷት ይሆን እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«እሱን ተወው» አልኩት፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ። «አሸዋውን ስትሻገር፣ መሃል ላይ፣ ምን ተሰማህ?»

ግንባሩን ቋጠረ። ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ መሬት አየ። ለኔ ሲል የሆነ ነገር ለማስታወስ በጣም ሞከረ፤ ያን ሙከራውን ዛሬም አየዋለሁ።

«መጀመሪያ ላይ ፈርቻለሁ። እርስዎ ሲዞሩብኝ። ከዚያ የኋላ ጎማዬ ትንሽ ጎድሎ ነበርና ስለ እሱ እያሰብኩ... ከዚያ የእነመኩሪያ አቧራ ታየኝ...» አለና እጁን ዘርግቶ ቆመ። «እውነቱን ልንገርዎት? የተሻገርኩበት ትዝ አይለኝም።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አክሜያለሁ፣ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ብዙ አዳራሽ ውስጥ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚያን ቀን ግን ደስታም ንዴትም ብቸኝነትም አንድ ላይ የመጡብኝ ጊዜ የለም። ተነስቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እያየ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ዳርጌ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። እትዬ ታደለች ትንሽ ታገሰችኝ፤ ከዚያ መጥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች።

«በይ በቃ፣ ልቀቂው» አለችኝ። «ጠዋት ጭነት አለው።»